የአባቶቻችን 500 ብር እና የእኛ ደመወዝ፦ የቤት ወጪያችን የት የት ተቀየረ?

ሒሳብ ያዥ (አዲስ አበባ)

ኑሮ መወደዱን ማንም አይክድም፤ ይህን ክር የከፈትኩትም እሱን ለመድገም አይደለም። የማነሳው ሌላ ነገር፣ የወጪ ልማዳችንን ነው። ወላጆቻችን በደርግ ዘመን ገንዘባቸውን ያወጡባቸው ነገሮችና እኛ ዛሬ የምናወጣባቸው ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ጉዳዩ የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ወጪ ተያይዞ ያድግ ነበር። አላደገም። አንዳንዱ ሰማይ ወጣ፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ ጠፋ፣ ያኔ ስሙ እንኳ ያልነበረው ደግሞ ዛሬ ወሩን ጠቅልሎ ይበላል።

አባቴ ዲግሪ ይዞ በ500 ብር የተቀጠረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ያቺን 500 ብር የዚያ ዘመን ሰው ያውቃታል። ሙያው ሒሳብ ስለነበር የቤቱን ወጪ በየወሩ በመዝገብ ያሰፍራል። የ1974 ዓ.ም. ጥቅምት እንዲህ ይላል፦ የቀበሌ ቤት ኪራይ 18 ብር። ጤፍ፣ ስንዴና የሽሮ እህል ከደመወዙ ሲሶ ገደማ። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ። ነጭ ጋዝ፣ ከሰል፣ አንድ ጭነት ቅጠል። እድር 2 ብር። ዕቁብ 60 ብር። «ለልጆች ሸራ ጫማ»። «ለልብስ ሰፊ፣ ከቀሪ ሒሳብ»። ይቺ የልብስ ሰፊ ዕዳ ከመስከረም እስከ ጥር ትጎተታለች፤ ለእንቁጣጣሽ የተሰፋልን ልብስ ገና ለጥምቀትም ተከፍሎ አላለቀም ማለት ነው። ትምህርት ቤት የሚለው ቃል የሚገኘው በመስከረም ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም መመዝገቢያና ደብተር።

አሁን ወደ እኔ ቤት እንምጣ። የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አንደኛ ነው። የኮንዶሚኒየም የባንክ ዕዳ ሁለተኛ። ቀጥሎ አስቤዛ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ሰርቪስና የእኛ ትራንስፖርት፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የስልክና የኢንተርኔት፣ የታሸገ ውኃ። ልብስ? ዓመቱን ሙሉ ደምሬ የአንድ ልጅ የአንድ ወር ትምህርት ቤት ክፍያ አልሞላም። በአባቴ ዘመን ግን ለአንድ ልጅ ጫማ ለመግዛት ዕቁብ ይጠበቅ ነበር።

እንደ እኔ አስተያየት ነገሩ ተገለባብጧል። ያኔ ቤትና ትምህርት ከወጪ አይቆጠሩም፤ ዕቃ ግን ብርቅ ነበር። ዛሬ ዕቃው ረክሷል፤ ቤትና ትምህርት ግን ቤተሰቡን ያጎብጣሉ። የእናንተስ ቤት እንዴት ነው?

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ መዝገብ መያዙ የአባትህን ሥርዓት ያሳያል። ነገር ግን 18 ብሯን አይተህ ያን ዘመን እንዳታሞግሰው እሰጋለሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራይ ተቀነሰ፤ ከመቶ ብር በታች የሚከራየው በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች ሥር ሆነ። እውነት ነው፣ ድሀው ተነፈሰ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ማን ቤት ሠራ? ሰው ሁለተኛ ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለማይችል ከተማው ባለበት ቆመ። እኔ ተምሬ ሥራ ስይዝ ያደርኩት በሰው ቤት በደባልነት ነው። ካገባሁ በኋላም ሁለት ክፍል ውስጥ ስምንት ነፍስ ነበርን። ኪራዩ ርካሽ፣ ቤቱ ግን የማይገኝ ነበር። ዋጋውን በገንዘብ አልከፈልነውም እንጂ በጥበት ከፍለነዋል።

ከደመወዝ ይተርፋል የሚባለውም ሌላ ምሥጢር የለውም፤ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ስኳር በራሽን ነው፣ ያውም የተመዘገበው የቤተሰብ ቁጥር ታይቶ። የቀበሌው ሱቅ ሳሙና መጣ ሲባል ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ሳይቀር ሰው ልኮ ወረፋ ያስይዝ ነበር። ገንዘብ ይዘህ ዕቃ የምታጣበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ሱቁ ሙሉ ነው፣ ኪሱ ባዶ። የትኛው እንደሚሻል ለልጆቹ እተወዋለሁ።

የመርካቶ ልጅ

ጋሼ እንደተናገሩት ነው። እኔ ደግሞ ከባንኮኒው ማዶ ሆኜ ያየሁትን ልጨምር።

አባቴ እህል በረንዳ ነበር፣ እኔም እዚያው አድጌአለሁ። በልጅነቴ የቤት ደንበኛ ማለት በኩንታል የሚገዛ ነው። ታኅሣሥና ጥር አዲሱ ጤፍ ሲገባ መምህሩም፣ ወታደሩም፣ ጸሐፊዋም ዕቁባቸውን ይዘው ይመጣሉ። ኩንታሉን በተሸካሚ አስጭኖ የሚሄደው ሰው ፊት ላይ የሚታየውን እርካታ ዛሬ መኪና የገዛ ሰው ላይ አላይም። ዓመቱን ወይም ግማሹን ዓመት ተገላገለ ማለት ነዋ።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የእህል ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲፈናጠር መንግሥት ስንዴ እያስገባ በየቀበሌው በቅናሽ መሸጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ኩንታል የሚገዛው ወደ ሃምሳ ኪሎ፣ ሃምሳ የሚገዛው ወደ ሃያ አምስት ወረደ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ላይ ጠፉ፤ ሰውም ያገኛትን ያህል መግዛት ለመደ። ከ2015 ዓ.ም. የጤፍ ጉድ በኋላ በኪሎ የሚገዛው በዛ። አሁን ሱቅ ያላቸው ዘመዶቼ ዘይት በትንንሽ ፕላስቲክ እየቋጠሩ ይሸጣሉ።

ማንም ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። በትንሹ የሚገዛ ሰው ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው ከባለ ኩንታሉ ይበልጣል። በመካከሉ ወፍጮ ቤቱ አለ፣ ቸርቻሪው አለ፣ ፌስታሉ እንኳ ዋጋ አለው። እናም ገንዘብ የሌለው ሰው በውድ ይበላል። ይህን ልማድ የሚለው ካለ ይበለው፤ እኔ ግን ልማድ አልለውም።

ሳልረሳው ስለ ልብሱ። ሒሳብ ያዥ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሰልባጁ፣ ቀጥሎ የቻይናው ልብስ ልብስ ሰፊዎቹን ጨረሳቸው። ሲንጀራቸውን ይዘው በረንዳ ላይ የሚቀመጡት ዛሬ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሙሽራ ነው፣ እሱም ከስንት አንድ።

ዋጋ ነው እንጂ

ይህ ሁሉ ትንተና ምን ያደርጋል? ብር በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለአንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወረደ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ 15 በመቶ ወረደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። በመካከሉ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ ተነሣ። ዘይት፣ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ስልኩ ሳይቀር ከውጭ የሚገባ አገር ውስጥ ተቀምጣችሁ ስለ «ወጪ ልማድ» ታወራላችሁ። ሰው ልማዱን አልቀየረም፤ ተገዶ ነው። ስለ ልማድ ማውራት ጥፋቱን በሸማቹ ላይ ማላከክ ነው።

ሒሳብ ያዥ

ወንድሜ፣ ማንንም አልከሰስኩም። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። የምንዛሪው ጉዳይ ብቻ ከሆነ ከውጭ የሚገባው ልብስ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ከሁሉም በላይ ሊወደድብኝ ይገባ ነበር። ቴሌቪዥን በአባቴ ጊዜ ሠፈር ውስጥ ሁለት ቤት ነበር፣ እኛም በመስኮት ነበር የምናየው። ዛሬ የሌለው ቤት የት አለ? ከደመወዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ግን መሬት፣ አስተማሪና ሞግዚት ናቸው። እነዚህ ከውጭ አይገቡም።

የሁለት ልጆች እናት (አያት)

እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ወንዶች ትመስሉኛላችሁ፤ በርበሬ የጠቀሰ የለምና።

እኔ ልንገራችሁ። እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ ዛላ በርበሬ ታስገዛለች። መቀንጠስ፣ ማጠብ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል መደለዝ፣ ማስጣት፣ ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር ማመስ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዞ ማስፈጨት፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳምንት ይፈጃል። ሽሮው ይቆላል፣ ይከካል። ቅቤው ይነጠራል። እንጀራው በሳምንት ሁለት ቀን ይጋገራል፣ ያውም በጭስ። ለዚህ ሁሉ ድካም ሒሳብ ያዡ አባት መዝገብ ላይ የተጻፈ ሳንቲም አለ? የለም። እህሉ ተጽፏል፣ ጉልበቱ አልተጻፈም።

እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ከቤት ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት እገባለሁ። የምኖረው አያት ሠፈር በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ በርበሬ የት ላስጣ? ስለዚህ በርበሬውን ከባልትና ሱቅ፣ እንጀራውን በየቀኑ ከጋጋሪዋ እገዛለሁ። የእናቴ ጉልበት ወደ እኔ ሲመጣ ደረሰኝ ሆነ። «ዘመናይ ሆና እንጀራ ትገዛለች» ብላ የምታማኝ አክስት አለችኝ። ትማኝ። እንደ እሷ ቤት ውዬ ደመወዝ ባላመጣ ኖሮ የትምህርት ቤቱን ማን ይከፍለው ነበር?

ሠራተኛም እንዲሁ ነው። በልጅነታችን ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ቤታችን ነበረች። ደመወዝ የላትም፤ ለበዓል ቀሚስ ይገዛላታል፣ ማታ ትማራለች ይባላል። አንዳንዷ ተማረች፣ አንዳንዷ እንደ ዋዛ ሠላሳ ዓመት ሞላት። እኛ ያኔ በርካሽ የኖርነው በእነዚያ ልጆች ጀርባ ነው። አሁን ደላላ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ የዕረፍት ቀን አለ። ወጪው ከብዶኛል፣ ግን ቢከብደኝም ትክክል ነው።

ከሪያድ (የደሴ ልጅ)

እህቴ አያት ያለሽው፣ የተናገርሽው ልቤን ነካው። እኔ ያቺ የዘመድ ልጅ ልሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ። አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ልሄድ ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ ሳለ ጓደኛዬ ሪያድ መግባቷን ሰማሁ፣ እኔም ቀረሁና ፓስፖርት አወጣሁ። ሥራው ያው ነው፦ ማጠብ፣ ማብሰል፣ ልጅ መያዝ። ልዩነቱ እዚህ ይከፈለኛል።

የቤተሰቤ ወጪ እንዴት እንደተቀየረ በላክሁት ገንዘብ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የላክሁት ሁሉ የተበላ ነው፤ እህል፣ ዘይት፣ የወንድሜ ዕዳ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ ፍሪጅ ተገዛ። ፍሪጁን እናቴ መጀመሪያ ዳንቴል አልብሳ ሳሎን አስቀመጠችው፣ ውስጡም ውኃ ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የትንሹ ወንድሜ የግል ኮሌጅ ክፍያ፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት። የምግብ ብር ላኪ የሚለኝ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን መቼ ነው የራሴን የምጀምረው ብዬ ስጠይቅ ሁልጊዜ አንድ አዲስ ነገር ይመጣል።

ከመርካቶው ወንድሜ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። በኪሎ መግዛት ሁሌም የድህነት አይደለም። እናቴ ዛሬ ኩንታል መግዛት ትችላለች፣ ግን አትገዛም። ብቻዋን ናት፣ ልጆቿ በየአገሩ ተበትነናል። ለማን ታስፈጭ?

የምጣኔ ሀብት ተማሪ

ጥሩ ውይይት ነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

ኤርንስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1857 (እ.ኤ.አ.) የሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ አጥንቶ አንድ ነገር አስተዋለ። ገቢ ሲያድግ ለምግብ የሚወጣው ገንዘብ ቢጨምርም ከጠቅላላው ወጪ የሚይዘው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። የሪያዷ እህታችን ቤተሰብ የሄደበት መንገድ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ እህል፣ ከዚያ ጣሪያ፣ ከዚያ ትምህርትና መድኃኒት። መጽሐፍ ሳታነብ ከነምሳሌው ጽፋዋለች።

ነገር ግን ሒሳብ ያዥን ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። የዋጋ ንረት በሚሰላበት በአገር አቀፉ የዋጋ መለኪያ ውስጥ ምግብ ዛሬም ከግማሽ በላይ ክብደት አለው። ይህ ክብደት የሚወሰደው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ከሚያካሂደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። ትምህርት ቤት አንደኛ፣ የባንክ ዕዳ ሁለተኛ የሆነበት ቤት የከተማ መካከለኛ ነዋሪ ነው። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዛሬም አንደኛው ወጪ እንጀራ ነው፤ ገጠር ደግሞ ከራስ ማሳ የሚበላው ራሱ በገንዘብ ተተምኖ ከወጪ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ልጆች ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.9 ልጅ ነበር፤ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ወደ 1.4 ወረደ። ወላጅን ለመተካት ከሚበቃው በታች ነው፣ በአፍሪካ ከተሞች ያልተለመደ። ስለዚህ ስምንት ሆነው በሁለት ክፍል ያደጉት ሰዎች ራሳቸው አንድ ወይም ሁለት ልጅ ወልደው፣ ለስምንት ይከፋፈል የነበረውን ሁሉ ለእነሱ አፈሰሱት። የትምህርት ቤት ክፍያው እንዲህ የገነነው በትምህርት ቤቶቹ ስግብግብነት ብቻ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት (አያት)

ተማሪው የጻፍከው ትክክል ነው፣ ግን «በስግብግብነት ብቻ አይደለም» ያልከውን ልጅ ስትወልድ ደግመህ ታነበዋለህ። የልጄ መዋዕለ ሕፃናት በዚህ ዓመት የምረቃ ጋውን፣ የፎቶግራፍና የኬክ ብሎ አስከፍሎኛል። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። ከምን እንደተመረቀ እሱም አያውቅም።

ኪራይ የሰለቸው

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ሰዎች ስለ ባንክ ዕዳ ስታማርሩ ሳነብ ፈገግ አልኩ። ያ ዕዳ ያልቃል፣ ሲያልቅም ቤት አለ። እኔ የ28 ዓመት ሰው ነኝ፣ ከወር ገቢዬ ግማሹን ለኪራይ እከፍላለሁ፣ ያውም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተጋርቼ። ጋሼ መምህር በደባልነት ኖርኩ ብለዋል፤ እኛም በደባልነት ነው የምንኖረው፣ ልዩነቱ ዋጋው የደባል አይደለም። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይሬአለሁ፤ በእያንዳንዱ ለደላላ፣ ለቅድሚያ ክፍያ፣ ለዕቃ ማጓጓዣ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ በሚወሰነው ልክ ብቻ እንዲሆን ይላል። አከራዬ «አዋጁን የፈለገ አዋጁ ዘንድ ይከራይ» አለኝ።

ሌላው የሚያናድደኝ «ማኪያቶ ባትጠጡ፣ ስልክ ባትነካኩ ቤት ትሠሩ ነበር» የሚለው ምክር ነው። የዓመቱን ማኪያቶ ቆጥቤ ባስቀምጠው ለአንድ ወር ተኩል ኪራይ ይበቃኝ ይሆናል። ስልኩ ደግሞ መሥሪያዬ ነው፤ ሥራ የማገኘው በእሱ ነው፣ የሚከፈለኝ በቴሌብር ነው። ለአባቶቻችን ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ቅንጦት ነበር እንዴ?

ትንሽ ደስታም የሚገዛው ለዚህ ነው። ትልቁን ነገር መቼም እንደማልደርስበት ካወቅሁ ትንሹን ለምን እተዋለሁ?

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ በዚህ አልወቅስህም። እኛ ዕቁብ ስንጥል የዕቁቡ ገንዘብ ሲወጣ የሚገዛ ነገር ነበር፤ አልጋ፣ ሬዲዮ፣ ኩንታል ጤፍ። ዛሬ ያጠራቀምከው ገንዘብ ተራህ እስኪደርስ ዋጋው ይቀልጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ መቆጠብ ሞኝነት የሚመስለው ወጣት ቢበዛ አይገርመኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ አሜሪካ ከ30 ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፣ ሒሳብ ያዥ ያለውን መገለባበጥ እዚህም አይቼዋለሁ። አሜሪካኖች በ1960 (እ.ኤ.አ.) ከግብር በኋላ እጃቸው ከሚገባው ገቢ 17 በመቶ ያህሉን ለምግብ ያወጡ ነበር፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደ 10 በመቶ ወረደ፣ ከዚያ ወዲህም ከዚያው ብዙ አልራቀም። ሸቀጡ ረከሰ። የሕፃናት መዋያ፣ የጤና መድን፣ ኮሌጅና ቤት ግን ማንም የሚችላቸው አልሆኑም። ሁለት ልጅ መዋያ ያስገባሁ ጊዜ የከፈልኩት ከቤት ኪራዬ ይበልጥ ነበር፤ በመጨረሻ እናቴን ከአዲስ አበባ አስመጣኋት። ብዙ ሐበሻ ቤት እንዲሁ ነው። የአያት ጉልበት ካልገባበት ሒሳቡ አይዘጋም።

ወደ አገር ቤት የምንልከውም ተቀይሯል። በ1980ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሻንጣው በልብስና በጫማ ይታጨቅ ነበር፤ ጂንስ ሱሪ የተላከለት የአጎቴ ልጅ ለሠርግ ያውሰው ነበር። አሁን ልብስ ልላክ ስል «ልብስ እዚህ ሞልቷል፣ ብሩን ላኪልን» ይሉኛል። በርበሬና ሽሮ ግን ከዚያ ወደዚህ ይመጣል፣ እሱ አልተቀየረም።

ዋጋ ነው እንጂ

አሁን ገባኝ። ያም ሆኖ አሜሪካና እኛን ባታነጻጽሩ ይሻላል። እዚያ ምግብ የረከሰው ገቢ ስላደገ ነው። እዚህ የደመወዝተኛው ልብስ የረከሰው ጥራቱ ስለወረደ ጭምር ነው፤ የአባቱ ኮት ለልጁ ይተርፍ ነበር፣ የዛሬው ጫማ ክረምቱን አይጨርስም። በየሦስት ወሩ የሚገዛ ርካሽ ጫማ ርካሽ አይባልም።

የክሩ አስተባባሪ

ሁለት መልሶች ወደ ፖለቲካ ስላመሩ ተነሥተዋል። በቤት ወጪ ዙሪያ ይቆይልን።

የመርካቶ ልጅ

የጫማው እውነት ነው፤ እኛ ሻጮቹም እናውቀዋለን። ደንበኛው ግን ጥሩውንና መናኛውን ጎን ለጎን አስቀምጬለት፣ የትኛው እንደሚቆይ ነግሬው፣ መናኛውን ያነሣል። ዛሬ እጁ ላይ ያለው የዛሬውን ነው።

መዋጮ ያነሣ ግን አላየሁም። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የሠፈር መንገዱ። ለህዳሴ ግድቡ የአንድ ወር ደመወዛችሁን በ12 ወር ከፍላችሁ የሰጣችሁ የመንግሥት ሠራተኞች እዚህ ትኖራላችሁ። ሒሳብ ያዥ፣ እድር 2 ብር ያልከው ዛሬ ስንት ገባ?

ሒሳብ ያዥ

እድሩ ከሁሉም ያነሰ ያደገ ወጪዬ ነው ብል ታምናለህ? ሠፈራችን ፈርሶ ሰው ሲበተን ብዙዎቻችን በድሮው እድር አባልነት ቀጥለናል፤ ለቅሶ ለመድረስ ግን ከተማውን አቋርጦ መሄድ ስላለ የታክሲው ሒሳብ ከመዋጮው ይበልጣል። ሠርግ ሌላ ነው። ድሮ ድንኳን ተጥሎ ጠላና ድፎ ዳቦ ከየቤቱ ይመጣ ነበር፤ አሁን አዳራሹ፣ ቪዲዮው፣ የዘመድ አንድ ዓይነት ልብስ። ባለፈው ዓመት የታናሽ እህቴን ዳርን፣ ዕዳውን አሁንም እየከፈልን ነው። መቀነስ ይቻል ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እኛም አልደፈርንም።

የሁለት ልጆች እናት ላነሣሽው መልስ አለኝ። የእናቴ ጉልበት መዝገቡ ላይ የለም፣ እውነት ነው። የእናቴ ገንዘብም የለም። እንቁላል ትሸጥ እንደነበር፣ የሠፈር ሴቶች ዕቁብም እንደነበራት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ምጣዳችን በዚያ ዕቁብ ተገዛ። አባቴ «የምጣድ» ብሎ የጻፈው ነገር አላገኘሁም፤ የጻፈው በቀጣዩ ወር የመብራት ሒሳቡ ለምን እንደጨመረ ሲጠይቅ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

እኔ ደግሞ የማንኛችሁም መዝገብ ውስጥ ገና ያልገባ ወጪ ልንገራችሁ፤ ዕድሜ ነው። ባለቤቴ ስኳር አለባት፣ እኔ ደም ግፊት። ከጡረታዬ ላይ መድኃኒቱ ከተነሣ በኋላ ነው ሌላው የሚታሰበው፤ ሥጋ ለበዓል ነው፣ ቅርጫ ከገባሁ ማለት ነው። ገበሬው ወንድሜ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለሆነ በዓመት አንዴ ከፍሎ ይታከማል። ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ዘንድ ግን እስካሁን አልደረሰም። አባቶቻችን ይህ ወጪ ያልነበራቸው ጤነኛ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ሳይታወቅላቸው ይሞቱ ነበር።

ከሪያድ (የደሴ ልጅ)

ጋሼ፣ የእናቴ መድኃኒት አንዳንዴ ከፋርማሲ ይጠፋል፣ ሲገኝም ዋጋው በየጊዜው ይለያያል። እርስዎ ዘንድ ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ይገኛል ወይስ ከግል ነው የሚገዙት? እዚህ ካለ ሰው ጋር መላክ የሚሻል ከሆነም ንገሩኝ።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይጠየቅ፤ ሲኖራቸው ዋጋው ይሻላል። የሐኪሙ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ ዋና ስም እንዲጻፍ አድርጊ፤ የንግድ ስሙ ብቻ ከተጻፈ ፋርማሲው «የለም» ይላል፣ ያው መድኃኒት በሌላ ስም መደርደሪያው ላይ እያለ። ከውጭ መላኩን ሐኪሟን ሳትጠይቂ አታድርጊው።

የክሩ አስተባባሪ

የመድኃኒት ጉዳይ ብዙ ሰው ስለጠየቀ በጤና ክፍል ለብቻው ክር ተከፍቷል። ጋሼ መምህር፣ እዚያ ቢቀጥሉልን። ይህኛው ለወጪ ጉዳይ ክፍት ነው።

ኪራይ የሰለቸው

እንግዲያው ክፍት ከሆነ፦ ከመገናኛ ብዙ ያልራቀ፣ ሁለት ዓመት የሚዋዋል አከራይ የሚያውቅ አለ? ደላላ አይደለሁም፣ ደላላም አልፈልግም።